የኮንሶል ኬብሉ ተሰክቶ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ፒያሳ የነበረው ቢሮአችን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ተነሳና ሜክሲኮ አካባቢ ገባን። ከዕቃው ጋር የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኔትወርክ የሚያገናኘው ባለ 24 ፖርት ሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊች መጥቷል። ድሮ የሠራው ልጅ ሥራ ለቋል፤ ስልኩም አይሠራም። አይፒውንም ፓስወርዱንም የሚያውቅ ሰው የለም። ሰማያዊውን ጠፍጣፋ ኬብል ከዩኤስቢ መቀየሪያ ጋር ገዝቼ አንዱን ጫፍ ስዊቹ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። ስዊቹን የማዝበትን ፕሮግራም፣ ፑቲን፣ ስከፍት ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። አለቃዬ ‹ሪሴት አድርጊውና በአዲስ ጀምሪ› ይላሉ። የፊቱን ቁልፍ ተጭኜ ልያዘው ወይ?»

አይ እህቴ፣ ቁልፉን ለጊዜው አትንኪው።

ስዊቹ በርቶ እየሠራ እያለ ፊቱ ላይ ያለውን «ሞድ» የሚባለውን ቁልፍ ተጭነሽ ከያዝሽው፣ ከ3 ሰከንድ ገደማ በኋላ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራሉ። ሌላ 7 ሰከንድ ያህል ከቆየሽ ብልጭታው ይቆምና ስዊቹ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ሲነሳ ባዶ ነው። የቪላኑ አከፋፈል (ቪላን አንዱን ስዊች ለተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፍል ነው)፣ የካሜራዎቹ መስመር፣ የቪላኖቹን ሁሉ ዳታ ተሸክሞ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ትራንክ፣ ሁሉም የለም። አለቃሽ «በአዲስ ጀምሪ» ሲሉ ይሄ አልታያቸውም። ማግስቱን «የሂሳብ ክፍል ፕሪንተር ለምን አይሠራም?» የምትባዪው አንቺ ነሽ።

ይሄ ቁልፍ የታወቀ ጣጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲስኮ ራሱ ባለ 48 ፖርት ካታሊስት 3650 እና 3850 ስዊቾች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከቁልፉ ሥር ባለው ፖርት አንዳንድ ዓይነት ኬብል ሲሰካ፣ የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ቁልፉን ተጭኖ ስለሚይዘው ስዊቹ ራሱን ያጸዳ ነበር። ሰው ሳይነካው ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን በእጅሽ ለመያዝ አትቸኩዪ። ቁልፉ ኋላ ላይ ይጠቅመናል፤ ግን በሌላ አያያዝ።

አሁን ወደ ጥቁሩ ስክሪን። «ስዊቹ ላይ ሰካሁ» ብለሻል። የትኛው ቀዳዳ ላይ?

ይሄን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። 2960 ላይ ፊት ለፊት የተደረደሩት ቀዳዳዎች በሙሉ የኢተርኔት ናቸው። የኮንሶሉ፣ ማለትም ስዊቹን በኬብል በቀጥታ የምናዝበት ቀዳዳ ያለው ከኋላ፣ የመብራት ገመዱ በሚገባበት በኩል ነው። ቅርጹ ከኢተርኔቱ አይለይም፤ ያው ባለ ስምንት ፒን አርጄ 45 ነው። ራኩ፣ ማለትም ስዊቹ የተገጠመበት ሣጥን፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ደግሞ የስዊቹን ጀርባ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ካገኘው ቀዳዳ ይሰካል፤ ፑቲም ዝም ይላል። የስልክሽን ካሜራ ከኋላ አስገብተሽ ፎቶ አንሺ። «ኮንሶል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፈልጊ። አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ወይም ዙሪያው ሰማያዊ ነው።

በኮንሶሉ ቀዳዳ የሚያልፈው ነገር ከኔትወርክ ጋር ምንም አይገናኝም። አይፒ የለውም፣ ፒንግ አይደረግም፣ ዋይፋይ አያውቅም። አርኤስ 232 የሚባል፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ የሲሪያል መስመር ነው። ፊደል በፊደል ይልካል፤ ፊደል በፊደል ይቀበላል። እንደ ጓሮ በር ቁጠሪው፤ የፊት በሩ ቢቆለፍም፣ አይፒው ቢረሳም፣ ኔትወርኩ ቢወድቅም በዚህ ይገባል። የድሮው ልጅ አይፒውን ይዞት ቢሄድ የማይጨንቀኝ ለዚህ ነው።

የስዊቹን ሙሉ ሞዴል ከተለጠፈበት ወረቀት ላይ አንብቢ። ከ2960 በኋላ «ኤስ» ወይም «ኤክስ» ካለበት፣ ከኋላው ቀዳዳ በተጨማሪ ፊቱ ላይ ትንሽ ሚኒ ዩኤስቢ አለው። እሱም ኮንሶል ነው። የድሮ ካሜራ ኬብል ይገጥመዋል፤ ግን ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ዳታ አያሳልፍም። ዊንዶውስም የሲስኮን የዩኤስቢ ድራይቨር ሊጠይቅሽ ይችላል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የዩኤስቢው ኮንሶል ከተሰካ የኋላው አርጄ 45 ማሳየቱን ይቀጥላል እንጂ የምትተይቢውን አይቀበልም። ሁለቱን አንድ ላይ አትሰኪ።

ቀዳዳው ትክክል ከሆነ የላፕቶፑን በኩል እንይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

ዩኤስቢ መቀየሪያውን ሰክተሽ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቺ። «ፖርትስ» በሚለው ሥር «ኮም 3» ወይም «ኮም 5» የመሰለ ነገር መታየት አለበት። ፑቲ ሲከፈት ራሱ «ኮም 1» ብሎ ይጠብቅሻል፤ ያንቺ ቁጥር ግን ምናልባት ሌላ ነው። መቀየሪያውን ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪና የትኛው ቁጥር ጠፍቶ እንደሚመጣ ተመልከቺ። ያ ነው ያንቺ።

ቁጥሩ ጨርሶ ካልመጣ፣ ወይም ቢጫ ምልክት ካለበት፣ ጉዳዩ የድራይቨር ነው። ከድራይቨሩ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቺፑ ጉዳይ አለ። እነዚህ መቀየሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ቺፖች በአብዛኛው ኤፍቲዲአይ፣ ፕሮሊፊክ ወይም ሲኤች 340 ናቸው። ርካሾቹ ላይ የፕሮሊፊክ ስም ይዞ ግን አስመስሎ የተሠራ ቺፕ ይበዛል። አዲሱ የፕሮሊፊክ ድራይቨር አሮጌውንም አስመሳዩንም አልቀበልም ይላል። አንዳንዴ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ በስሙ ቦታ «ይህ ቺፕ ከ2012 ጀምሮ ተቋርጧል፣ ሻጩን ያነጋግሩ» የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። እንደዚያ ከሆነ በ«አፕዴት ድራይቨር» ገብተሽ ከዝርዝሩ የቆየውን የድራይቨር ቨርዥን ምረጪ። ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ኤፍቲዲአይም ቢሆን ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዊንዶውስ አፕዴት የመጣው ድራይቨሩ አስመሳይ ቺፖችን እየለየ መለያ ቁጥራቸውን ዜሮ ያደርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም። ጩኸት ሲበዛበት ያንን ትቶ፣ በ2016 ሌላ ድራይቨር አመጣ። ይሄኛው ደግሞ በሲሪያሉ መስመር ላይ «እውነተኛ ያልሆነ ዕቃ ተገኝቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይልካል። ፑቲ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ካየሽ የተናገረው ስዊቹ አይደለም፤ የገዛሽው ኬብል ነው።

ገና የምትገዢ ከሆነ፣ መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ሱቁ ውስጥ ሰክተሽ «ኮም» ቁጥር ሲመጣ ሳታዪ ብር አትክፈዪ። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው አርጄ 45 የሆነ አንድ ወጥ የኮንሶል ኬብል ካገኘሽ እሱን እመርጣለሁ። መገጣጠሚያው ስለሚቀንስ የሚላቀቅ ነገር አይኖርም።

ቁጥሩን ካገኘሽ ፑቲ ላይ «ሲሪያል» የሚለውን ምረጪ። ፍጥነቱ 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ስቶፕ ቢት 1፣ ፓሪቲ የለም። ፍሎው ኮንትሮል የሚለውን «ነን» አድርጊው፤ ፑቲ ሲጫን ሌላ ነገር ነው የሚመርጥልሽ። ከዚያ «ኦፕን» በዪና «ኢንተር»ን ሁለት ሦስት ጊዜ ምቺ። ይሄን ቀላል ነገር የሚረሳ ብዙ ነው። ኮንሶሉ እስኪነኩት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጥቁር ስክሪን አይቶ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው «ኢንተር» ሲመታ ሁሉ ነገር ይመጣለታል።

አሁንም ጥቁር ከሆነ መገመቱን ትተን እንፈትሽ።

ኬብልሽ ሁለት ቁራጭ ነው ብለሻል፤ ዩኤስቢ መቀየሪያ እና ሰማያዊው ጠፍጣፋ። ሰማያዊውን ከመቀየሪያው ንቀዪው። የመቀየሪያው ጫፍ ዘጠኝ ፒን አለው፤ ላይኛው ረድፍ አምስት፣ ታችኛው አራት። በአምስቱ ረድፍ ከግራ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በትንሽ ሽቦ ወይም በወረቀት መያዣ ክሊፕ አገናኚ። የላኪውን ፒን ከተቀባዩ ፒን ጋር አገጣጠምሽ ማለት ነው። አሁን ፑቲ ላይ የሆነ ፊደል ጻፊ። የጻፍሽው ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከታየ፣ ሽቦውን ስታነሺ ደግሞ መታየቱን ካቆመ፣ ላፕቶፑ፣ ድራይቨሩ፣ መቀየሪያውና የ«ኮም» ቁጥሩ ሁሉም ደህና ናቸው። የቀረው ተጠርጣሪ ሰማያዊው ኬብልና ስዊቹ ብቻ ነው። ካልታየ ስዊቹን እርሺው፤ መቀየሪያውን ቀይሪ። አንድ ወጥ ኬብል ከሆነ ደግሞ አርጄ 45ቱ ጫፍ ላይ 3ኛውንና 6ኛውን ፒን ነው የምታገናኚው፤ ግን ጠባብ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል። ይሄ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም ሰው እሱን ትቶ ግማሽ ቀን ሴቲንግ ሲቀያይር ይውላል።

ሰማያዊው ኬብል ራሱ የተለመደው የኔትወርክ ኬብል አይደለም። ሮልኦቨር ይባላል። በአንዱ ጫፍ 1ኛ የሆነው በሌላው 8ኛ፣ 2ኛው 7ኛ እያለ ይገለበጣል። ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ አድርገሽ ያዢና የሽቦዎቹን ቀለም እዪ። ቅደም ተከተሉ ፍጹም ተገልብጦ ካላገኘሽው፣ የሸጠልሽ ሰው ሌላ ኬብል ነው የሰጠሽ። ቤት ውስጥ ክሪምፐር ካለ ከኔትወርክ ኬብል ራስሽ ልትሠሪው ትችያለሽ።

ቀጣዩ ፈተና ስዊቹን ማጥፋትና ማብራት ነው። ይሄን ስል ትደነግጪ ይሆናል፤ ሴቭ ያልተደረገ ኮንፊግ፣ ማለትም የስዊቹ ቅንብር፣ ሊጠፋ ይችላልና። ባንቺ ጉዳይ ግን ስዊቹ ከፒያሳ የመጣው ተነቅሎ ነው። ያልተቀመጠ ነገር ከነበረ ያኔውኑ ሄዷል። አሁን ብታጠፊው የምታጪው የሠራተኛውን የጥቂት ደቂቃ ኢንተርኔት ነው፤ ስለዚህ ምሳ ሰዓት አድርጊው። ፑቲን ከፍተሽ ጠብቂና መብራቱን ስጪው። ደህና ስዊች ሲነሳ ማንም ሳይጠይቀው ብዙ ጽሑፍ ያፈሳል። ፓስወርድ አያስፈልገውም። ጽሑፉ ከመጣ መስመሩ ክፍት ነው።

የሚመጣው ነገር ቅርጹም ይናገራል። ጥያቄ ምልክትና የተዘበራረቀ ፊደል ከሆነ ፍጥነቱ አልገጠመም። አንድ ሰው ኮንሶሉን ከ9600 ቀይሮት ሊሆን ይችላል። 115200ን ሞክሪ፤ ከዚያ 38400፣ 19200። ጽሑፉ በደንብ እየታየ የምትተይቢው ካልገባ ፍሎው ኮንትሮሉን ደግመሽ እዪ። እሱ ደህና ከሆነ ከኬብሉ አንዷ ሽቦ ተበጥሳለች፤ ወይም የፊቱ ዩኤስቢ ላይ የተረሳ ገመድ አለ። ሲነሳም እንኳ ምንም ካልታየ፣ የሽቦው ፈተና ደግሞ ካለፈ፣ ያኔ ነው ኬብሉን ቀይረሽ ቀጥሎ ስዊቹን መጠርጠር የምትጀምሪው።

እዚህ ላይ የኛ አገር ብቻ የሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ላፕቶፕሽ ላይ ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ ካለ መጥፋቱን አረጋግጪ። ስዊቹ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። በተለይ ፓስወርድ ስትጽፊ ስክሪኑ ላይ ምንም ስለማይታይ፣ ትክክለኛውን ፓስወርድ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ «ተቀይሯል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ከዚህ በታች ትዕዛዞቹን በእኛ ፊደል አስቀምጬልሻለሁ፤ አንቺ ግን በእንግሊዝኛው ነው የምትተይቢያቸው።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ ጨምሪ። አሮጌ ሕንፃ ላይ ሶኬቱ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ላይኖረው ይችላል። ኮንሶሉን ስትሰኪ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪና በባትሪ ሥሪ። የሲሪያሉ መስመር የላፕቶፑንና የስዊቹን መሬት ስለሚያገናኝ፣ በሁለቱ መሀል የቮልቴጅ ልዩነት ካለ የኤሌክትሪኩ መንገድ በዚያች ቀጭን ሽቦ ይሆናል።

እሺ፣ ገባን እንበል። ስክሪኑ ላይ የስዊቹ ስም ይመጣና መጨረሻው ላይ የ«ይበልጣል» ምልክት ይኖራል። ይሄ ተራ ተጠቃሚ የሚቆምበት ነው። «ኢኔብል» ብለሽ ፓስወርዱን ስታልፊ ምልክቱ ወደ ፓውንድ፣ ስልክ ላይ ወደምናውቀው መሰላል፣ ይቀየራል። ኮንሶሉ ላይ ፓስወርድ ያልተደረገበት ስዊች ብዙ ነው። ስለዚህ «ኢኔብል» ባይከፈትልሽም ተራው ደረጃ ላይ ልትገቢ ትችያለሽ። እዚያ ሆነሽ የምታዪው ቀላል አይደለም። «ሾው ቨርዥን» ሞዴሉንና ሶፍትዌሩን ይነግርሻል። «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» የጠፋውን አይፒ ያሳይሻል። «ሾው ቪላን ብሪፍ» የትኛው ፖርት የየትኛው ቪላን እንደሆነ ያወጣል። «ሾው ሲዲፒ ኔይበርስ» ከጎኑ የተሰካ ሌላ ሲስኮ ካለ ስሙንና ፖርቱን ይሰጥሻል።

ከማንኛውም ለውጥ በፊት ይሄን ሁሉ ፋይል ላይ አስቀምጪው። ፑቲን ስትከፍቺ «ሎጊንግ» በሚለው ገጽ «ኦል ሴሽን አውትፑት»ን ምረጪና ፋይሉን ስም ስጪው። ከዚያ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» በዪ፤ ጽሑፉ በየገጹ ሳይቆም ይወርዳል። «ኢኔብል» ከተከፈተልሽ ደግሞ ዋናው «ሾው ራኒንግ-ኮንፊግ» ነው። ያ ፋይል ከስዊቹ ይበልጥ ውድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስዊቹ ነገ ቢቃጠል ሌላ ገዝተሽ ትለጥፊበታለሽ። ለአለቃሽም በኢሜይል ላኪላቸውና ሁለታችሁም ጋ ይኑር።

ስትተይቢ ትዕዛዙን ከተሳሳትሽ ስዊቹ የጻፍሽውን ቃል የድረ ገጽ ስም መስሎት ሲፈልግ ለብዙ ሰከንድ ሊንጠለጠል ይችላል። አልሞተም። «ኮንትሮል» «ሺፍት» እና 6ን አንድ ላይ ምቺ፣ ይለቅሻል።

«ኢኔብል» እምቢ ካለ አሁን የሞድ ቁልፉ ተራ ነው። ከመጀመሪያው የሚለየው ስዊቹ ጠፍቶ እያለ የሚያዝ መሆኑ ነው። የመብራት ገመዱን ንቀዪ። ቁልፉን ተጭነሽ እንደያዝሽ ገመዱን መልሺ። አትልቀቂ። ሲስተም የሚለው መብራት አረንጓዴ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ለአፍታ ብርቱካንማ ሆኖ አረንጓዴው ይረጋል። ያኔ ልቀቂ። ፑቲ ላይ «ስዊች» ከሁለት ነጥብ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። መደበኛው ሶፍትዌር ገና አልተነሳም ማለት ነው።

«ፍላሽ_ኢኒት» በዪ። ቀጥሎ «ዲር ፍላሽ:» በዪና ዝርዝሩ ውስጥ «ኮንፊግ.ቴክስት» የሚባል ፋይል መኖሩን እዪ። እሱ ነው ኮንፊጉም ፓስወርዱም። አታጥፊው፤ ስሙን ብቻ ለውጪው፦ «ሪኔም ፍላሽ:ኮንፊግ.ቴክስት ፍላሽ:ኮንፊግ.ኦልድ»። ከዚያ «ቡት»። ስዊቹ ፋይሉን ስለማያገኘው አዲስ መስሎት ይነሳና «የመጀመሪያውን ማዋቀር እንጀምር?» ብሎ ይጠይቃል። «ኖ» በዪው። «ኢኔብል» በዪ፤ ፓስወርድ አይጠይቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በ«ኢኔብል» ውስጥ ሆነሽ ስሙን መልሺ፦ «ሪኔም ፍላሽ:ኮንፊግ.ኦልድ ፍላሽ:ኮንፊግ.ቴክስት»። ከዚያ «ኮፒ ፍላሽ:ኮንፊግ.ቴክስት ሲስተም:ራኒንግ-ኮንፊግ»። ይሄኔ የድሮው ኮንፊግ በሙሉ ይመለሳል፤ አንቺ ግን ቀድመሽ ስለገባሽ ፓስወርዱ ከውጭ አያስቀርሽም። ሳትወጪ «ኮንፊገር ተርሚናል» ግቢና በ«ኢኔብል ሲክሬት» አዲስ ፓስወርድ አድርጊ። የኮንሶሉንና የተጠቃሚዎቹንም ቀይሪ፤ የለቀቀው ልጅ አሁንም ያውቃቸዋል። «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ላይ የቪላኑ ኢንተርፌስ ተዘግቶ ከታየሽ ገብተሽ «ኖ ሻትዳውን» በዪው። በመጨረሻ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ»።

በመሀል አንድ መሰናክል ሊገጥምሽ ይችላል። የድሮው ልጅ ጠንቃቃ ከነበረ ፓስወርድ ማስመለሻውን ራሱን ዘግቶት ይሆናል። ያኔ ቁልፉን ይዘሽ ስታስነሺው «ማስመለሻው ተዘግቷል፤ ወደ ፋብሪካው ልመልሰው?» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። «ዋይ» ካልሽ ኮንፊጉ ይጠፋል። «ኤን» በዪና በደንቡ ይነሳ። በተራው ደረጃ የሰበሰብሽው ዝርዝር የሚያድንሽ ያኔ ነው፤ የቪላኑን አከፋፈል በእጅሽ ካስገባሽ በኋላ ብቻ «ዋይ» ብለሽ ኮንፊጉን አጥፊው።

ሴቭ ማድረጉን ደግሜ የማነሳው በመብራቱ ምክንያት ነው። የምትቀይሪው ነገር ሁሉ ወዲያው ይሠራል፤ ግን የሚቀመጠው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው። ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስዊቹ የሚያነበው ፍላሽ ላይ ያለውን የቆየ ፋይል ነው። ከዚያ ጠዋት «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!» ይባላል። «ራይት» ብሎ መውጣት ልማድ ይሁንሽ። ለስዊቹም ትንሽ ዩፒኤስ ብትጠይቂላቸው አይጎዳም።

ገብተሽ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ፣ ሁልጊዜ ራክ ሥር ከመቀመጥ የርቀት መግቢያውን አብጂ። ለማኔጅመንት ቪላኑ አይፒና «አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ» ስጪው፣ ዶሜይን ስም አስገቢ፣ «ክሪፕቶ ኪይ ጀነሬት አርኤስኤ» ብለሽ 2048 ምረጪ፣ ተጠቃሚ ፍጠሪ፣ በ«ላይን ቪቲዋይ 0 15» ላይ «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች» እና «ሎጊን ሎካል» በዪ። ኤስኤስኤች የሚላከውን ሁሉ የሚመሰጥር የርቀት መግቢያ ነው። የድሮውን፣ ቴልኔትን፣ ተዪው፤ ፓስወርዱን ሳይሸፍን ነው የሚልከው። «ክሪፕቶ» የሚለውን ትዕዛዝ አላውቅም ካለሽ የስዊቹ ሶፍትዌር «ኬ9» የሌለበት ነው፤ ኤስኤስኤች አይኖረውም።

ራኩንም ቆልፊ። አሁን ራስሽ እንዳየሽው፣ ኬብል ይዞ ስዊቹ አጠገብ የደረሰ ሰው ፓስወርድ አያቆመውም። አዲሱ ቢሮ ውስጥ ስዊቹን ቡና የሚፈላበት ክፍል አስቀምጠውት ከሆነ አለቃሽን አሁኑኑ አነጋግሪ፤ ውሃውም እንፋሎቱም አይበጀውም።

ሌሎች ዕቃዎች ቢያጋጥሙሽ መንገዱ ይሄው ነው፤ ቁጥሩ ይለያያል። ሁዋዌ 9600 ነው። ማይክሮቲክ 115200 ነው፤ ትንንሾቹ ግን ኮንሶል ቀዳዳ እንኳ የላቸውም። እነሱን በኔትወርክ ኬብል ሰክተሽ ዊንቦክስ በሚባለው የማይክሮቲክ ፕሮግራም፣ አይፒ ሳያስፈልግሽ በማክ አድራሻቸው ትገቢያለሽ። የቲፒ-ሊንክ ጄትስትሪም ስዊቾች ላይ ብዙ ጊዜ 38400 ነው፤ በ9600 የሞከረ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። የሲስኮ ራውተር ፓስወርድ ማስመለሻ ደግሞ በሞድ ቁልፍ ሳይሆን ሲነሳ ከኪቦርድ በሚላክ «ብሬክ» ነው፤ የስዊቹን መንገድ እሱ ላይ አትሞክሪ። ከኢትዮ ቴሌኮም የመጣ ዕቃ ራካችሁ ውስጥ ካለ ደግሞ የእናንተ መሆኑን ከውሉ ሳታረጋግጪ ኬብል እንዳታስገቢበት።

የሽቦው ፈተና አልፎ፣ የኋላው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ፣ ስዊቹ ሲነሳም ምንም ካላሳየ፣ የስዊቹን ሙሉ ሞዴል፣ የዲቫይስ ማናጀሩን ፎቶና የስዊቹን ጀርባ ፎቶ ላኪልኝ። ከገባሽና ኮንፊጉን እንድመለከትልሽ ከፈለግሽ ደግሞ ፓስወርድ ያለባቸውን መስመሮች መጀመሪያ አውጪያቸው። ፊታቸው ላይ 7 ቁጥር ያለባቸው የተመሰጠሩ ቢመስሉም፣ ማንም ሰው በሰከንድ ይፈታቸዋል።